ወዮ እንዲሉ የተጋበዙ ሽማግሌዎች

ሒሳብ የሚያስተምር ሰው የታደለ ነው። ሁለትና ሁለት ተደምረው አራት ሊሆኑ ሲሉ መሀል ገብቶ «ተዉ እንጂ፣ ለዛሬ ሦስት ተኩል ላይ ተስማሙ» የሚል ሽማግሌ አይመጣበትም። ፊዚክስ የሚያስተምርም የታደለ ነው። ድንጋዩን ወደ ላይ ይወረውራል፣ ድንጋዩ ይመለሳል፣ ማንም «እባክህ ትንሽ ይቆይ» ብሎ አይማልድለትም። እኔ ግን ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ትራጀዲ አስተምራለሁ። የምነግራችሁ መከራ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ትራጀዲ ማለት ባጭሩ ሰው የሚሞትበት ተውኔት ነው። ረዘም ሲል ደግሞ፣ ሰውየው እንደሚሞት ሁሉም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እያወቀ፣ ማንም ምንም ሳያደርግ የሚሞትበት ተውኔት ነው። ይህን ሁለተኛውን ትርጉም የሰጡኝ ተማሪዎቼ ናቸው። የእኔ ማስታወሻ ላይ ያለው ከዚህም ይረዝማል፤ ነገር ግን እኔ ራሴ ያለ መነጽር አይገባኝም።

በኮሌጃችን የምናስተምረው ተውኔት ከባሕር ማዶ የመጣ የጥንት ሥራ ነው። ጠላት ከተማዋን ከቧል። ንጉሡ «የከተማዋን በር የከፈተ ሰው ይሞታል» ብሎ በሕዝብ ፊት ይምላል። በማግሥቱ በሩ ተከፍቶ ይገኛል። የከፈተው የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ የከፈተውም እናታቸው ውጭ ቀርታ ብርድ ሊገድላት ስለደረሰ ነው። ወንድም ይንበረከካል፣ ንጉሥ ሰይፍ ያነሣል። ይህች ናት ጡዘቷ፤ ታሪኩ ሁሉ ወደ እሷ ይወጣል፣ ከእሷ ወዲያ ያለው ቀብር ነው። ጥግ ላይ ደግሞ በአንድ ድምፅ እያዘኑ የሚቆሙ ሽማግሌዎች አሉ። መጽሐፉ «ኮረስ» ይላቸዋል። በዚያች ወሳኝ ሰዓት የተሰጣቸው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ወዮ!»

እኔ ማስተርሴን የሠራሁት በዚህች ትዕይንት ላይ ነው። ርእሱን ብነግራችሁ እንቅልፍ ይወስዳችኋል፤ ፍሬ ነገሩ ግን የንጉሡ መሐላ በሰው ብልሃት የማይፈታ ቋጠሮ ነው የሚል ነው። ይህን ለማስረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ፀጉሬንም ያጣሁት ያኔ ነው። ስለዚህ ክፍል ገብቼ ቋጠሮውን በሰሌዳ ላይ ስስል እንደ ባለ ርስት እኮራለሁ።

ዘንድሮ ስዬ ሳልጨርስ ማቴዎስ የሚባል የአዲሎ ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ እነዚህ ጥግ የቆሙት ሽማግሌዎች ሥራቸው ምንድን ነው?»

«ማዘን ነው» አልኩት።

«ከማዘናቸው በፊትስ?»

«ከማዘናቸው በፊት ለማዘን ይዘጋጃሉ።»

ትዕግሥት የምትባል የሾኔ ልጅ ሳይፈቀድላት ተነሣች። «መምህር፣ እኛ ሾኔ ገበያ ላይ ሁለት ሰው ቢያያዝ እኮ ሽንኩርት የምትሸጠዋ እንኳ ሚዛኗን ጥላ ትገላግላለች። እነዚህ ጺማቸውን አሳድገው ቆመው ወንድም ወንድሙን ሲያርድ ያያሉ?»

«ጽሑፉ ላይ የሌለ ነገር አታምጪ» አልኳት። መምህር መልስ ሲያጣ የሚሸሸግባት ጎጆ ይህች ናት። ማቴዎስ ግን ምናልባት በዚያ አገር ሽማግሌ የሚባለው ዕድሜ ብቻ ይሆናል ብሎ ለክፍሉ አስረዳ፤ ክፍሉም በዚህ ተስማማ። ያን ቀን ደወሉ ባይደርስልኝ ኖሮ ተማሪዎቼ ለንጉሡ አገር ሽማግሌ መርጠው ይልኩ ነበር።

አሁን ስለ አስቴር ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የእሷ ነው። አስቴር ነርስ ናት። መርፌ ስትወጋ የማታሳምም፣ ስትናገር ግን የምታሳምም ልጅ ናት። ልንጋባ ተስማምተን የቀረን ወግ ብቻ ነበር፦ ሽማግሌ ልኬ አባቷን ማስጠየቅ። አባቷ ጋሽ ላምቤቦ ይባላሉ። ጃጁራ ለብዙ ዘመን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ሆሳዕና ከተማ ዳር ይኖራሉ፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው እምቢ ካሉ አስቴር አትመጣም። ይህን ራሷ ነግራኛለች፣ ያውም እየሳቀች።

«አባዬ አያውቅህም። ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ሥራህን ይይልህ» አለችኝ።

የሰው ጥፋት ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመልካም ምክር ነው።

በዚያው ሰሞን ኮሌጃችን ገምጋሚዎች ይመጣሉ ተብሎ ትዕይንቷን በመድረክ እንድናሳይ ተወሰነ። ንጉሡን ዳዊት የሚባል ቁመተ ረጅም ተማሪ ያዘ፤ ወንድምየውን ማቴዎስ። ለኮረሱ ሽማግሌዎች ግን ተማሪዎች ላይ የጥጥ ጺም ለጥፈን ሞከርን፣ አልሆነም። «ወዮ» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ ጥጡ ገብቶ ያስላቸዋል፤ አንዱ ሲያስለው ሌላው ይስቃል፤ ንጉሡም ሰይፉን ጥሎ ይስቃል። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ይህን አይቶ «አገሩ ሽማግሌ ሞልቶት ጥጥ እናባክናለን እንዴ? እውነተኞቹን አምጣ። በዚያውም የማኅበረሰብ ተሳትፎ ተብሎ ሪፖርት ይገባልናል» አለኝ።

ይህን ሲለኝ በጭንቅላቴ ውስጥ መብራት የበራ መሰለኝ። ሌላው ሰው አማቱን ጋቢ ይዞ ይቀርባል፤ እኔ ወዮ ይዤ ቀረብኩ። ጋሽ ላምቤቦን የኮረሱ አባል እንዲሆኑ ለመንኳቸው። ሲሠለፉ ያዩኛል፣ ሳዝዝ ያዩኛል፣ በገምጋሚ ፊት ስመሰገን ያዩኛል፤ በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቼ በራቸውን ሲያንኳኩ «ያ ጎበዝ ልጅ!» ይላሉ። አብረዋቸው አቶ ኤርጎኖ መጡ፤ በሰፈሩ ጠብ ሲነሣ ከፖሊስ በፊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ከከምባታ ወገን ደግሞ ጋሽ ጴጥሮስ መጡ፤ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ያስተማሩ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ። ሌሎችም ተከተሉ። ያላሰብኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ እሑድ እንዲሄዱልኝ የምለምናቸውም እነዚሁ ሰዎች እንደሆኑ ነው።

ልምምዳችን በጸሎት ይጀምራል፣ በጸሎት ያልቃል፤ በሁለቱ ጸሎቶች መሀል መግባት ያለባት አንድ ወዮ ናት። እሷም በቀላሉ አትገባም።

«ይህ ወዮ የምንለው ለማን ነው?» ብለው አቶ ኤርጎኖ ጠየቁ።

«ለሟቹ ነው፣ ጋሼ።»

«የማን ልጅ ነው?»

«የ… የድሮው ንጉሥ ልጅ።»

«ከየት ወገን?»

«ከባሕር ማዶ ነው፣ ጋሼ።»

«እዚያስ ቢሆን ዘመድ የለውም?» አሉና ከጎናቸው ካሉት ጋር በሀዲይሳ ረዘም ያለ ነገር ተመካከሩ። ጋሽ ጴጥሮስ በከምባትኛ አንድ ቃል ጨመሩበት። ከዚያ ዝናብ መጣ። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ለቅሶ ስለነበር ከእውነተኛው ወዮ ለእኔ ወዮ የሚተርፍ ሰው አልነበረም። እንዲህ እያልን ሰይፉ የሚነሣባትን ቦታ አንድም ቀን ሳንደርስባት የትርኢቱ ቀን ደረሰ። በዋዜማው ብቻ ሰብስቤ «ንጉሡ ሰይፉን ወደ ላይ ሲያነሣ ሁላችሁም አንድ ላይ ወዮ በሉልኝ» አልኳቸው። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። የሽማግሌ ራስ ሲነቀነቅ ሰምቻለሁ ማለት እንጂ እሺ ማለት እንዳልሆነ ለማወቅ በዚህ አገር መወለድ ብቻ አይበቃም፤ መቀጣትም ያስፈልጋል።

በትርኢቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፊት ለፊት ገምጋሚዎቹ ቅጻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቴር ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር አለች። የዳዊት ዘውድ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ነው፣ ሰይፉ ካርቶን ላይ የተለጠፈ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ነው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ቃሉን ሁሉ አብሬ እላለሁ። መጋረጃው ከተማሪዎች ማደሪያ የመጣ አንሶላ ስለሆነ ጥላዬ እንደሚታይ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለካስ ተመልካቹ ከኋላ እየተወራጨ የሚለፈልፈውን ጥላ የእናትየዋ መንፈስ ነው ብሎ እያደነቀ ነበር።

ዳዊት «ምያለሁ! መሐላዬን ብበላ ነገ ማን ያምነኛል?» አለና ሰይፉን አነሣ። ማቴዎስ አንገቱን ዘረጋ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። እጄን ወደ ኮረሱ ወረወርኩ፦ አሁን!

ወዮ የለም።

አቶ ኤርጎኖ ሳሉ። ጎሮሮ የሚጠርግ ሳል አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ሲሰማው ጫማውን የሚፈልግበት ሳል ነው። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ከመስመሩ ወጡ፣ ከዘራቸውን በንጉሡና በወንድሙ መሀል አጋደሙት።

«ልጄ፣ ይብቃህ። ተቀመጥ» አሉ።

ዳዊት ሰይፉን እንደያዘ ወደ እኔ አየ። እኔ ከአንሶላው ጀርባ በሁለት እጄ «ቁረጠው! ቁረጠው!» እላለሁ። ዳዊት የኔ ተማሪ ነው፣ ነጥብ የምሰጠው እኔ ነኝ። ነገር ግን ከእኔ በፊት የአባቱ ልጅ ነው። ወደ ዙፋኑ ሄዶ ሊቀመጥ ሲል አቶ ኤርጎኖ ጣታቸውን ከማቴዎስ አጠገብ ወዳለው ወለል ዘረጉ።

«እዚያ አይደለም፣ እዚህ።»

ንጉሡ ከወንድሙ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ። የዘይት ቆርቆሮውንም አወለቀ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ዞረው ተቀመጡና ነገሩ በወጉ ታየ። «በሩን ለምን ከፈትክ?» ተባለ ማቴዎስ። አለመሞት የጣመው ማቴዎስ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ እንባ አወጣ። «እናታችን ብርድ ላይ ነበረች። ድምፅዋን እየሰማሁ እንዴት ልተኛ?» አለ። ከአዳራሹ ሴቶች «ውይ!» አሉ። ጋሽ ጴጥሮስ በዚያ ድምፃቸው ወደ ንጉሡ ዞረው «አንተስ አልሰማህም?» አሉት። ዳዊት አንገቱን ደፋ። «ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። ግን ምዬ ነበር» አለ፤ ይህችኛዋ እውነተኛ ጥያቄ ነበረች፦ መሐላው የት ይግባ? የኔ ቋጠሮ! ሁለት ዓመት የደከምኩበት፣ በሰው ብልሃት አይፈታም ብዬ የፈረምኩበት ቋጠሮ! ልቤ ትንሽ ተመለሰ። «ፍቱልኝ እስቲ!» አልኩ በሆዴ።

ጋሽ ላምቤቦ ተነሡ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «መሐላህን ለእኛ ስጠን። እኛ እንሸከምልሃለን። ሽማግሌ የተፈጠረው ለምን መሰለህ?» አሉት።

ተፈታ። ውኃ እስኪጠጣ እንኳ አልቆየም። ዳዊት «ይቅር በለኝ» ብሎ ማቴዎስ ላይ ተጠመጠመ፤ እልልታው አዳራሹን አናወጠው፤ ከገምጋሚዎቹ አንዷ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ትጠርጋለች። ተመልካች አልቅሶ ልቡ ቀለል ሲለው ካታርሲስ ይባላል ብዬ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ያን ቀን በዓይኔ አየሁት፤ ግን በተሳሳተው ገጽ ላይ ነበር።

እኔ ምን ነካኝ? ሰይጣን ነው እንዳልል ሽማግሌዎቹ ጸሎተኞች ናቸው፣ እንጸልይልህ ይሉኛል። ንዴት ነው፣ በቃ። አንሶላውን ቀድጄ ወጣሁ።

«አይታረቁም!» ብዬ ጮህኩ። «ማነው ታረቁ ያላችሁ? ይሙት! መሞት አለበት!»

እልልታው ባለበት ቆመ። ማቴዎስ ከዳዊት ጀርባ ተሸሸገ። አቶ ኤርጎኖ ቀስ ብለው ዞረው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ማን ነው የሚሞተው?»

«ወንድምየው!»

«ምን አድርጎ?»

«ምንም! ትራጀዲ ስለሆነ!»

ይህ አማርኛ በአፌ እያለ መልካም ነበር። ከወጣ በኋላ ግን እኔም ሰማሁት። ሦስተኛውን ረድፍ ለማየት ደፈርኩ። አስቴር ፊቷን በእጇ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ታልቅስ ትሳቅ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ጋሽ ላምቤቦ ከዘራቸውን አነሡ፣ ኮፍያቸውን አጠለቁ፣ ከመድረኩ ወረዱ። ኮረሱ በሙሉ ተከተላቸው።

ወሬ እግር የለውም ያለ ሰው ሆሳዕናን አያውቃትም፤ እዚህ ወሬ በባጃጅ ነው የሚሄደው። በነጋታው ወደ ጎፈር ሜዳ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ነጂ በመስታወቱ አየኝና «ወንድም፣ ገደልከው እንዴ?» አለኝ። ታርቀዋል ስለው «ተመስገን» አለ። የጃጁራ ገበያ ሲደርስ ወሬው አስተማሪው ራሱ ሰይፍ መዝዞ ተማሪውን ሲያባርር ሽማግሌ እንዳስጣለው ሆነ። አዲሎ ላይ በሚቆሙት መኪናዎች ሲወራ ደግሞ ተማሪው ሁለት ሆኖ ነበር አሉ። እናቴ ከገጠር ደወለች።

«ማንን ነው ልትገድል የነበረው?»

«ማንንም፣ እማ። ተውኔት ነው።»

«በተውኔትስ ቢሆን፣ ሽማግሌ እየለመነህ?»

ከሁሉ የባሰው ከአስቴር የመጣው ነው። «አባዬ ምን አለ?» ብዬ ስጠይቃት «ስለ አንተ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው» አለችኝ። «ምን?» አልኳት። «ድምፁ ጥሩ ነው አለ።»

እሑድ ቀረበ። የምልከው ሽማግሌ ፍለጋ ወጣሁ። አቶ ኤርጎኖ ጋ ስሄድ «የሽማግሌ ቃል አልሰማም ካለ ሰው ዘንድ የሽማግሌ ቃል ይዘን እንዴት እንሄዳለን? እዚያ ቤት ምን ልንል?» አሉኝ። ጋሽ ጴጥሮስም ይህንኑ አሉኝ፤ ልዩነቱ የእሳቸውን ጎረቤትም ሰማው። ለተውኔቱ ያልተጋበዘ ሽማግሌ ሁሉ የተጋበዘው ወዳጅ ነው፤ ወዳጅም ወዳጁን ትቶ አይሄድም። ነገሩ እንዲህ ተቋጠረ፦ አስቴርን ለማግኘት ሽማግሌ መላክ አለብኝ፤ ሽማግሌ ለመላክ ከሽማግሌዎቹ ጋር መታረቅ አለብኝ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ለመታረቅ ደግሞ ሌሎች ሽማግሌዎች መላክ አለብኝ። የማይፈታ ቋጠሮ ስጽፍ የኖርኩት ሰውዬ ከመሀሉ ገብቼ ቁጭ አልኩ። መውጫውን ያገኘልኝ ማቴዎስ ነው፤ አጎቱን ከአዲሎ አስመጣልኝ፤ አጎቱም አቶ ኤርጎኖን ለመነልኝ።

የእርቁ ቀን በአቶ ኤርጎኖ ግቢ ተቀመጥን። አተካና በትልቅ ሳህን ቀርቧል፤ ቡላው በቅቤና በወተት ተነክሮ ያብረቀርቃል፤ እስክንታረቅ ግን የሚነካው የለም። ጥፋትህን ተናገር ተባልኩ። ሽማግሌ አቋርጫለሁ፣ ሰው ይሙት ብያለሁ አልኩ። እዚያ ላይ ብቆም ምን ነበረበት? የተማረ ሰው ግን ከጉድጓድ ሲወጣ አካፋውን ይዞ ነው።

«ይሁን እንጂ» አልኩ፣ «ሰውየው የሚሞተው በከንቱ አይደለም። ተመልካቹ እንዲያለቅስና ልቡ እንዲቀለው ነው።»

አቶ ኤርጎኖ አተካናውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ልጄ፣ በዚህ ሰፈር ለቅሶ መቼ ጠፍቶ ነው? ለማልቀስ ብለን ሰው እንጨምርበት?»

እጄን ታጠብኩ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ነገር ቢኖር ጎርሼ ነው።

ኮሌጅ ውስጥ ግን አሸንፌያለሁ፤ ልብ በሉልኝ። የገምጋሚዎቹ አስተያየት መጣ። የማኅበረሰብ ተሳትፎ እጅግ ከፍተኛ፣ የተመልካች ስሜት እጅግ ከፍተኛ ይላል። የተውኔቱ ዓይነት በሚለው ላይ «ኮሜዲ» ተብሎ ተሞልቷል። ኃላፊያችን በጣም ተደስቶ በሚቀጥለው ዓመትም ይህንኑ ኮሜዲ እንድደግም አዞኛል።

በወጉ ሽማግሌ ሲላክ የሚያገባው ልጅ ከቤቱ አይወጣም። ጋሽ ላምቤቦ ግን «ያ ድምፁ ጥሩ የሆነው ልጅም አብሮ ይምጣ» ብለው ላኩ። ስለዚህ ከኮረሱ ጀርባ ሆኜ፣ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። ጓዳው በመጋረጃ ተጋርዷል። ከጀርባው የአስቴር ጥላ ይታየኛል፤ ጥላ እንደሚታይ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጋሽ ላምቤቦ ትልቁ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። የጸሎቱ ወግ አለቀ፣ አቶ ኤርጎኖ የመጣንበትን ጉዳይ ተናገሩ። ጋሽ ላምቤቦ ሰምተው ሲያበቁ ለእሳቸው አልመለሱላቸውም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ንጉሥና ወንድሙ እንዴት ሆኑ?»

በሕይወቴ ከዚህ የከበደ የቃል ፈተና አልተፈተንኩም። ከአንድ ወገን ማስተርሴ አለ፤ ከሌላው ወገን መጋረጃው አለ። ዓይኔን እንኳ አልጨፈንኩም።

«ታርቀዋል፣ ጋሼ» አልኩ።

«እናትየዋስ?»

«ደኅና ናቸው። ገብተው እሳት እየሞቁ ነው።»

«ተመስገን።»

መቆም አልቻልኩም። «እንዲያውም ታናሽየው ሚስት ሊያገባ ነው። የልጅቷም አባት በጣም ደግ ሰው ናቸው ይባላል» አልኩ።

ጋሽ ላምቤቦ «ውሸት ነው» አሉ። «በሚቀጥለው ገጽ ይሞታል። እናቲቱም ሬሳውን አይታ ትሞታለች። ዳይሬክተር ከመሆኔ በፊት ያን ተውኔት ጃጁራ ላይ አስተምሬዋለሁ።»

ማፈርስ አፈርኩ፤ ግን አስተማሪ ነኝና ጥያቄው አምልጦኝ ወጣ። «ታዲያ እንደሚሞት እያወቁ ለምን ተነሡ?»

«ክፍል ውስጥ መጽሐፍ ነበር» አሉ። «በየዓመቱ አንብቤ ገደልኩት። መጽሐፍ ውስጥ ልግባ ብልስ በየት በኩል እገባለሁ? አንተ ግን ከዘራዬን አስይዘህ ከልጁ ሁለት እርምጃ ላይ አቆምከኝ። አንገቱን ዘርግቶ እያየሁት ወዮ በል አልከኝ። ቆሜ ወዮ ልበል?»

ለዚህ መልስ ማስተርሴን ከዳር እስከ ዳር በልቤ ገለጥኩት። የለም። ያን ጊዜ ነው፣ ንዴቴ ሁሉ ወጥቶልኝ፣ እኚህን ሰው አማቴ ባይሆኑም እንኳ እወዳቸው እንደነበር ያወቅኩት።

«አንተ ደግሞ» ብለው ቀጠሉ፣ «ለመጽሐፍህ ብለህ ሰው ይሙት አልክ። ለልጄ ብለህ ደግሞ ያንኑ ሰው ከመቃብር አስነሥተህ ሚስት አጋባኸው። ነገ ለምን ብለህ ምን እንደምታደርግ ማን ያውቃል?» አሉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ወንድሞቼ፣ ጌታ ይባርካችሁ። እኛም እንጸልይበት፣ እናስብበት። ሌላ ጊዜ ተመለሱ።»

«ወዮ!» አለ ኮረሱ።

በአንድ ድምፅ። በአንድ ትንፋሽ። አንዱ ሳይቀድም፣ አንዱ ሳይዘገይ፣ የጋሽ ጴጥሮስ ድምፅ ከሥር ሆኖ፤ ያን ሁሉ ሳምንት ለምኜ ያጣኋት ወዮ! አብሮ የማለት ልማድ ይዟቸው ነው መሰለኝ ጋሽ ላምቤቦም አብረው «ወዮ» ብለው ቁጭ አሉ። ካሉ በኋላ ነው የሰሙት።

ከመጋረጃው ጀርባ አስቴር አልቻለችም፤ ሳቋ ፈነዳ። የጋሽ ላምቤቦ ጺም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቃቸውን ሊውጡ እየታገሉ ሳለ አቶ ኤርጎኖ ሳሉ። ያችን ሳል ዐውቃታለሁ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ተነሡ፣ ከዘራቸውን በእኔና በጋሽ ላምቤቦ መሀል አጋደሙት።

«ላምቤቦ፣ ይብቃህ። ተቀመጥ።»

«ተቀምጫለሁ እኮ» አሉ ጋሽ ላምቤቦ ከትልቁ ወንበራቸው ላይ።

አቶ ኤርጎኖ እኔ ጫፉን ይዤ ወደተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር ጣታቸውን ዘረጉ።

«እዚያ አይደለም፣ እዚህ።»

ጋሽ ላምቤቦ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡና መጡ። እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም፤ ያየሁት ጫማቸውን ብቻ ነው። ከፊቴ ቆሙ።

«ጠጋ በል» አሉኝ።